ተንጋሎ የተለካ ጥርስ

እማማ ሶልያና በቀኝ በኩል ያለውን የታች መንጋጋቸውን ያስሠሩት ሚያዝያ አሥራ አንድ ቀን ሁለት ሺህ ሰማንያ ስድስት ዓ.ም. ነው። ሥራው በጠቅላላው ሃያ ሦስት ደቂቃ ፈጀ። ወንበሩ በጀርባቸው አንጋለላቸው፣ ማደንዘዣውን ወጋቸው፣ የበሰበሰውን ጠረገ፣ አዲሱን ጥርስ እዚያው አጠገባቸው አበጅቶ ተከለ። ወንበሩ ሲሠራ ዝም ይላል። ሰው የሚያስፈልገው መጨረሻ ላይ ነው፤ ሦስቱን ጥያቄዎች የሚጠይቀው ሰው እንዲሆን ሕጉ ያዛል።

በሰንበሌጥ ከተማ የጥርስ ጣቢያ ሦስቱን ጥያቄዎች የምትጠይቀው አንጓች ትባላለች፤ ሠላሳ ሁለት ዓመቷ ነው። በዚያ ዘመን አንጓች የወጣት ስም ሆኗል፤ ሶልያና፣ ካሌብ፣ ቢታንያ የሚባሉት ደግሞ ከዘራ ይዘው የሚሄዱት ናቸው። አንጓች ስለ ጥርስ አምስት ዓመት ተምራ ስትመረቅ የቀረላት ሥራ ይኸው መጠየቅ ብቻ ሆነ። በዚያን ቀን ከማለዳ ጀምሮ ቆማ ስትጠይቅ ውላ እግሮቿ አብጠዋል። እማማ ሶልያና ተንጋለውም ይኼ አላመለጣቸውም።

«ከፍ ይላል እማማ?» አለቻቸው።

እማማ ሶልያና ነከስ አደረጉ። ግማሽ ፊታቸው ደንዝዞ የሳቸው አይመስልም። ቢሆንም አንድ ነገር፣ የጤፍ ቅንጣት የምታህል ነገር፣ ከሌሎቹ ጥርሶች ቀድማ ስትገናኝ ተሰማቸው። ከመጋረጃው ወዲያ አሥራ አራት ሰው ወረፋ ይዟል። ልጅቱ ደክሟታል። ደግሞ አዲስ ነገር እስኪለመድ ድረስ እንግዳ መሆኑ አይቀርም ብለው አሰቡ።

«ኧረ ደህና ነው የኔ ልጅ» አሉ።

ሲያላምጡ የሚያስቸግር ነገር እንዳለ ጠየቀቻቸው፤ ምንም የለም አሉ። እንዲህ ሆኖ ይቆይ ወይ አለቻቸው፤ ይቆይ፣ እግዜር ይስጥልኝ፣ እጅሽ ይባረክ ብለው መረቋት። እጇ ጥርሱን እንዳልነካው ሁለቱም ያውቃሉ። ድምፃቸው ተቀዳ፣ መዝገቡ ተዘጋ፣ ወንበሩም ቀና አደረጋቸው።

ቀና ብለው አፋቸውን ሲገጥሙ የጤፍ ቅንጣቷ የምስር ክክ አክላ ጠበቀቻቸው። ግን አሁን አመስግነው ጨርሰዋል፤ ቀጣዩም ሰው መጋረጃውን ገልጦ እየገባ ነው። ዣንጥላቸውን አንስተው ወጡ።

ጥርሱ ይቆጥራል። ሰባ ዓመት የሞላውና ብቻውን የሚኖር ሰው የሚተከልለት ጥርስ ሁሉ እንደ መብራት ቆጣሪ ነው፤ በቀን ስንት ጊዜ እንደተነከሰበት መዝግቦ ለቀበሌው የአረጋውያን ክፍል ይልካል። አላምጦ የሚበላ ሰው አእምሮውም ጉልበቱም እንዳለ ይቆጠራል። ስለዚህ የክፍሉ ሠራተኞች በየቤቱ እየሄዱ ማንኳኳቱን ከተዉት ቆይተዋል። በቀን ስምንት መቶና ከዚያ በላይ የነከሰ ሰው ለብቻው መኖር ይችላል። ለአርባ ቀን ከስምንት መቶ በታች የሆነ ወደ አረጋውያን ማደሪያ ይዛወራል፤ ቤቱም ለተረኛ ይሰጣል። ሕጉ ደግ ሕግ ነው ይባላል፤ እውነትም ብዙ ሰው ብቻውን ወድቆ ከመቅረት ድኖበታል።

የእማማ ሶልያና ቤት ሁለት ክፍል ናት። ወለሏን ሟች ባለቤታቸው ናትናኤል በገዛ እጁ ጣውላ እየቆረጠ ገጥሞታል። ሙያው ስላልነበረ ሦስት ቦታ ላይ ሲረገጥ ይጮኻል። እማማ ሶልያና የት የት እንደሚጮኽ ዓይናቸውን ጨፍነው ያውቁታል፤ አንዳንድ ቀን ሆን ብለው ይረግጡታል። ከዚህች ቤት መውጣት ማለት ለሳቸው ናትናኤልን ሁለተኛ መቅበር ነበር።

በየማለዳው ግድግዳው ላይ የተገጠመው የቀበሌው ድምፅ ማጉያ በትሕትና የትናንቱን ቁጥር ይነግራቸዋል። ሚያዝያ አሥራ አምስት ላይ አንድ ሺህ አንድ መቶ ሃያ አላቸው። በሳምንቱ ዘጠኝ መቶ አራት፣ ግንቦት ሲገባ ስድስት መቶ አርባ ሁለት። ምክንያቱን እማማ ሶልያና ያውቁታል። በቀኝ በኩል በነከሱ ቁጥር ሕመሙ ከጥርሱ ተነስቶ በጆሮ ግንዳቸው ይወጣና ከሰዓት በኋላ ራስ ምታት ሆኖ ይቀመጣል። ስለዚህ በግራ ብቻ መብላት ጀመሩ፤ ቆሎውን ተዉ፣ ጥብሱን ተዉ፣ ዳቦውን ሻይ ውስጥ መንከር ለመዱ፣ በመጨረሻ አጥሚት ላይ ወደቁ። አጥሚት ደግሞ አይቆጠርም።

ጎረቤታቸው አቶ ካሌብ፣ የባቡር ሐዲድ ሲፈትሹ ኖረው ጡረታ የወጡ የሰባ ሁለት ዓመት ሰው ናቸው። ሚስታቸው ከሞተች ወዲህ ምሳ የሚበሉት እማማ ሶልያና ዘንድ ነው። ነገሩን ሲሰሙ ሳቁ። ሐዲድም ከፍ ብሎ የተገጠመ እንደሆነ ባቡሩ እየሄደበት ይለሰልሳል፣ አንቺም ሂጂበት አሏቸው። ከዚያ ማስቲካ ገዝተው መጡ። ቁጥር ከተፈለገ ቁጥር ይሰጠው ማለታቸው ነው።

እማማ ሶልያና በዚያን ቀን ሕመሙን ውጠው ሦስት ሰዓት ሙሉ በቀኝ በኩል ማስቲካ አኘኩ። ማታ አፋቸው አልከፈት ብሎ አቶ ካሌብ ሾርባ በማንኪያ ጫፍ አጠጧቸው። በማግስቱ ግድግዳው እንዲህ አለ፦ «ትናንት ሁለት ሺህ አራት መቶ አሥር። ከዚህ ውስጥ ሁለት ሺህ አንድ መቶው ያለ ምግብ ነው። ያለ ምግብ ማላመጥ የመርሳት ምልክት ሊሆን ስለሚችል ተመዝግቧል። መልካም ቀን ይሁንልዎ።» አቶ ካሌብ ይኼን ሲሰሙ የቀረውን ማስቲካ ኪሳቸው ከተቱት።

ሰኔ ሦስት ቀን ደብዳቤው መጣ። ሰኔ አሥራ ሦስት፣ ሐሙስ ጠዋት፣ መኪና ይመጣል። አንድ ሻንጣ ይፈቀዳል።

እማማ ሶልያና ያን ጊዜ ነው ለቀበሌው የአቤቱታ መስመር የደወሉት። ሙሉ ጠዋት ምን እንደሚሉ ሲያጠኑ ቆይተው ነበር። ስልኩን የሚመልሰው የማሽን ድምፅ በጥሞና ሰማቸውና ጥርሱ ከፍ ብሎ ከሆነ ማስተካከሉ የአሥር ደቂቃ ሥራ መሆኑን ነገራቸው። መዝገቡን ለመክፈት ግን የማን ስህተት እንደሆነ መታወቅ አለበት አለ፤ የባለሙያዋ ወይስ የባለጥርሷ። ባለሙያዋ ከዚህ በፊት ሁለት ጥፋት አለባት፤ ሦስተኛው ከሥራ ያስነሳታል። የባለጥርሷ ከሆነ ደግሞ ስለ ገዛ አካሏ በትክክል መናገር የማትችል አረጋዊት ተብላ ትመዘገባለች፤ እንዲህ ያለች ሴት ለብቻዋ መኖር ስለማትችል የመዛወሪያው ቀን ነገ ይሆናል። ድምፁ ይኼን ካለ በኋላ ለማስታወስ ያህል ብሎ የራሳቸውን ድምፅ አሰማቸው። «ኧረ ደህና ነው የኔ ልጅ።» እማማ ሶልያና በሰባ አንድ ዓመታቸው እንደዚያን ቀን በራሳቸው አፍረው አያውቁም። አንዱንም ሳይመርጡ ስልኩን ዘጉት።

በማግስቱ በምሳ ሰዓት ወደ ጥርስ ጣቢያው ሄዱ። ሊከሷትም ሊለምኗትም አልነበረም፤ ሌላ የሚያውቁት ሰው ስለሌለ ነው። አንጓች ከጀርባ በኩል አግዳሚ ላይ ተቀምጣ ምሳዋን ስትበላ አገኟትና እየተንተባተቡ ነገሯት። ሰምታቸው ስትጨርስ ምሳዋን ሳትጨርስ ምሳ ዕቃዋን ከደነችው።

ከዚያ ማንም ጠይቋት የማያውቀውን ነገረቻቸው። ሰንበሌጥ ውስጥ ከሺህ ሰው ዘጠኝ መቶ ዘጠና ስምንቱ ደህና ነው ይላል። ይህን ያህል ሰው የተደሰተበት ሌላ ከተማ የለም፤ ኮሪደሩ ላይ የተሰቀለው ሽልማት የዚያ ነው፤ ከውጭ አገር ሳይቀር እንግዶች እየመጡ እንዴት እንደተቻለ ያጠናሉ። በዚሁ ከተማ ግን አውቶቡስ ተራ ቆሎ የሚሸጥ ሰው ከጠፋ ቆየ፤ ሥጋ ቤቱም የተፈጨ ካልሆነ አይሸጥለትም። አንጓች ይኼን አይታ ሁለት ጊዜ ወንበሩን ቀና አድርጋ፣ ማደንዘዣው እስኪለቅ ጠብቃ ሰው ለመጠየቅ ሞክራ ነበር። ሁለቱም ጊዜ ወረፋ አዘገየች ተባለ። ሁለቱ ጥፋቶቿ እነሱ ናቸው።

«ማን ተንጋሎ ይበላል እማማ?» አለች። «ሰው ሲተኛ አገጩ ወደ ኋላ ይሸሻል። ሲቀመጥ ሌላ ቦታ ነው የሚገጥመው። ወንበሩ የለካው የተኙትን ሶልያናን ነው።»

እማማ ሶልያና አገጫቸውን ወደ ኋላ ገፋ አድርገው ሞከሩት። ስህተቱ የማን እንደሆነ ለመጀመሪያ ጊዜ ገባቸው፤ ለድምፁ ግን የሚነግሩበት ቃል አልነበራቸውም።

አንጓች ወደ ዕቃ ማስቀመጫው ክፍል አስገብታ ተራ የእንጨት ወንበር ላይ ቀጥ አድርጋ አስቀመጠቻቸው። ጥርሱ ሞረድ ሲነካው ለቀበሌ መናገሩ ስለማይቀር መዝገቡ አስቀድሞ መከፈት አለበት። በማን ጥፋት ልትከፍቺው ነው አሏት። እሱን ለኔ ይተዉት አለች። እማማ ሶልያና ሊጠይቋት የሚገባቸው ሌላ ጥያቄ እንዳለ ልባቸው ነገራቸው፤ ነገር ግን ሰው ሊረዳ ሲነሳ መመርመር ነውር መስሏቸው ተዉት።

ከተማሪነቷ ጀምሮ በቦርሳዋ የያዘችውን ስስ ሰማያዊ ወረቀት ቀደደችና በጥርሶቻቸው መካከል አደረገችላቸው። ነከስ ያድርጉ አለች፤ ከዚያ ቆሎ እንደሚበሉ ሆነው ወደ ግራ፣ ወደ ቀኝ። ወረቀቱን አውጥታ በመብራት አየች። ደህና በሆነ መንጋጋ ላይ ቀለሙ እዚህም እዚያም ፈዘዝ ብሎ ይታያል። በእማማ ሶልያና ጥርስ ላይ ግን ውጭኛው ጠርዝ ላይ አንድ ጥቁር ሰማያዊ ነጥብ ብቻ ነበር፤ የአፋቸው ሸክም በሙሉ ያረፈው እዚያች ላይ ነው። በቀጭን ሞረድ ነካ ነካ አድርጋ አሁንስ አለቻቸው።

«ደህና ነው» አሉ እማማ ሶልያና።

አንጓች ሞረዱን አስቀመጠችው። «እማማ፣ እኔን ደስ እንዲለኝ ብለው ከሆነ ደስ አይለኝም» አለች። «ቤትዎን ሊያጡ ነው። እባክዎን እውነቱን ይንገሩኝ።»

እማማ ሶልያና ዘመናቸውን ሙሉ የማንንም ሥራ አጣጥለው አያውቁም። ልብስ ሰፊ እጅጌ ቢያሳጥርባቸው ክንዳቸውን ሰብሰብ አድርገው ለብሰውታል። ጨው የበዛበት ወጥ ጣፈጠኝ ብለው ጨምረውበታል። ናትናኤል ወለሉን ገጥሞ ሲጨርስ፣ ሦስቱም ቦታ እየጮኸ፣ እንዴት ያምራል ነው ያሉት። አሁን አንዲት ደግ ልጅ ፊታቸው ተንበርክካ እየጠበቀቻቸው ነው፤ የምትጠብቀውም ከባዱን ነገር ነው።

«ገና ነው» አሉ፤ ኃጢአት እንደሚናዘዝ ሰው ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው።

አንጓች ፈገግ አለችና አዲስ ወረቀት ቀደደች። አሁንስ። ገና ነው። አሁንስ። ወደ ቀኝ ስሄድ ትይዘኛለች። አሁንስ። ቀንሳለች፣ ግን አለች። አራተኛው ላይ እማማ ሶልያና ድምፃቸው እየጠራ መጣ፤ አምስተኛው ላይ ጭራሽ ጣታቸውን አፋቸው ውስጥ ከትተው ቦታውን አሳዩ። በስድስተኛው አፋቸውን ሲገጥሙ ቀድሞ የሚደርስ ጥርስ አልነበረም። ሁሉም እኩል ተገናኙ። ሁለት ወር ሙሉ ተጨብጦ የነበረው የጆሮ ግንዳቸው ሲፈታ ተሰማቸውና አለቀሱ፤ አንጓችም አብራቸው አለቀሰች።

በማግስቱ ግድግዳው አንድ ሺህ ሦስት መቶ አለ። እማማ ሶልያና ጥብስ ሠርተው አቶ ካሌብን ጠሩ፤ አቶ ካሌብ ግን ከሥጋው ይልቅ መረቁን እያወጡ በሉ። ሰኔ ስምንት ቀን ቀበሌው ጉዳያቸው እንዲያልቅ ቀርበው እንዲያረጋግጡ ጠራቸው። በመንገዳቸው ለአንጓች ምስጋና ሊያደርሱ ጥርስ ጣቢያው ጎራ አሉ። ከመጋረጃው ጋ የቆመው ሌላ ሰው ነበር። አንጓች ጉዳይዋ እስኪያልቅ ታግዳ ከዚያን ቀን ወዲህ አልመጣችም አላቸው።

ቀበሌ ሲደርሱ አቶ ካሌብ አጠገባቸው ነበሩ፤ ዣንጥላውን የያዙት እሳቸው ናቸው። ሦስተኛው መስኮት ሰው የለበትም፤ ረጋ ያለ የጎልማሳ ድምፅ ብቻ ነው ያለው። ከኋላቸው ሃያ የሚያህል ሰው ተሰልፏል።

ጉዳያቸው በባለሙያዋ ስህተት ተመዝግቦ መስተካከሉን ድምፁ አበሰራቸው። ስህተቱን ራሷ አምናለች፤ ማረጋገጫው እንደተሰጠም ከሥራ ትሰናበታለች። የመዛወሪያው ትእዛዝም ይነሳል። የቀረው እማማ ሶልያና አዎ ማለታቸው ብቻ ነው።

እማማ ሶልያና አዎ ካላልኩስ ብለው ጠየቁ። ድምፁን ይኼን ጠይቆት የሚያውቅ ሰው የለም መሰል። ጉዳዩ እንደተከፈተ ይቆያል አለ። የልጅቱ ስንብት አይጸናም፤ የእርስዎም ትእዛዝ አይነሳም። መኪናው ሐሙስ ጠዋት ይመጣል።

አንዲት አዎ ነበረች። በሰባ አንድ ዓመት ውስጥ እልፍ ጊዜ ያሏት ቃል ናት፤ ይቺኛዋ ደግሞ ቤታቸውን ከነወለሉ ትመልስላቸዋለች። አፋቸው ውስጥ ሆና ጠበቀቻቸው።

«አይ» አሉ እማማ ሶልያና። «ልጅቱ አላጠፋችም። እኔም አእምሮዬ አልደከመም። በጀርባዬ አንጋላችሁኝ፣ ግማሽ ፊቴን አደንዝዛችሁ፣ አሥራ አራት ሰው ከኋላዬ አቁማችሁ፣ ደህና ነው ወይ ብላችሁ አስጠየቃችሁኝ። እንዲያ ተጠይቆ ደህና አይደለም የሚል ሰው እዚህ አገር መቼ ተወልዶ ያውቃል? ስህተቱ አጠያየቃችሁ ነው። እሱን ጻፍልኝ።»

ድምፁ በትሕትና ሁለት ምርጫ ብቻ እንዳለ ነገራቸው። ሦስተኛ የሚከፈተው ያንኑ ቅሬታ የያዘ ሁለተኛ ሰው ሲቀርብ ነው። በሰንበሌጥ እስከ ዛሬ የቀረበ የለም አለ።

እማማ ሶልያና ወደ ወረፋው ዞሩ። ሃያውም ሰው ወለሉን አየ። ቅርጫት የያዘች አንዲት ሴትዮ ብቻ፣ አይዞዎት የማለት ያህል፣ አፏን ሳትከፍት ፈገግ አለችላቸው። ሐሙስ በአምስተኛው ቀን ነው። አንድ ሻንጣ ብለዋል፤ ወለል ደግሞ ሻንጣ ውስጥ አይገባም። እማማ ሶልያና የመስኮቱን ጠርዝ ያዙ።

አቶ ካሌብ ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

«የኔም ከፍ ይላል» አሉ። «በግራ በኩል፣ የታችኛው። ሦስት ዓመቱ ነው።»

እማማ ሶልያና ቀስ ብለው ዞረው አዩዋቸው። የአቶ ካሌብ ጥርስ የተተከለው ሰባ ሳይሞላቸው ስለነበር አይቆጥርም፤ ዝም ቢሉ ማንም አይደርስባቸውም ነበር። አሁን ግን ስማቸው መዝገብ ውስጥ ሊገባ ነው፤ የሚኖሩትም ብቻቸውን ነው።

«ሦስት ዓመት?» አሉ እማማ ሶልያና። «በየቀኑ አብረን እየበላን?»

«ምን ላድርግ ሶሊዬ» አሉ አቶ ካሌብ። «የጠየቀኝ ልጅ ደክሞት ነበር።»

ድምፁ አፋቸውን ወደ መስኮቱ እንዲያቀርቡ ጠየቃቸው። አቶ ካሌብ ዣንጥላውን ለእማማ ሶልያና ሰጥተው ጎንበስ አሉና አፋቸውን ከፈቱ። ቅርጫት የያዘችው ሴትዮ ቅርጫቱን መሬት አስቀመጠች፤ ጉንጯን በመዳፏ ደገፍ አድርጋ፣ ከሳቸው ቀጥሎ ተራው የማን እንደሆነ ጠየቀች።